አደ ጫልቱ ጫካ የዋሉ ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ቤቴል አንድ ልቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ከፊቴ ያለ ደህና ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ለጎኑ ሰው ስለ መንገድ ሲያወራ ሰማሁት። ከአየር ጤና እዚያ ለመድረስ ታክሲ ውስጥ እንዴት እንደተንገላታ፣ አስፋልቱ እንዴት እንደተቦረቦረ ሲያማርር ቆየና፣ "ጣሊያን ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ እኮ ይሄ ሰፈር ዛሬ ሌላ ነበር" አለ። ጎኑ ያለው ሳቅ አለ። እኔ አልሳቅሁም። በዚህ ዕድሜዬ ከወንበር የምነሳው የሰው እጅ ይዤ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ማን እንዳነሳኝ አላውቅም፣ ቆሜ ተገኘሁ። የምትለውን ጣሊያን አይተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ልጄ ከኋላ ነጠላዬን ጎተተችኝ። ሰውየው ደንግጦ ብድግ አለና "ይቅርታ እማማ፣ ለጨዋታ ያህል ነው" አለኝ። ለጨዋታ ያህል። ውሃ አምጥተው አጠጡኝ፣ ደም ግፊቷ ተነስቶባት ነው ተባባሉ። ደም ግፊቴ አልነበረም። ቤቴ ገብቼም፣ አድሬም አልበረደልኝም። ለልጆቼ እንኳ በቅጡ ሳልነግራቸው የኖርኩት ነገር ስለሆነ፣ እንግዲህ ሳልሞት ልናገረው።

ኮልፌ ያኔ ዛሬ የምታውቁት ኮልፌ አይደለም። አሁን የብረት በር የሚበየድበትና ቆርቆሮ ሲደበደብ የሚውልበት ጎዳና የገብስ ማሳ ነበር። ቤቶቹ ተራርቀው የተሠሩ ስለሆነ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠራው በጩኸት ነው። ከዚያ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የሚወስደው መንገድ በክረምት ጭቃ ይሆናል፤ ጫማ ያለው ሰው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ይሄድና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ እግሩን ታጥቦ ያጠልቃል። ጫማ ያለን ሰዎችም እንዳለን የሚታወቀው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ገበያ የወጣ ሰው በአንድ ጠገራ ብር በግ እየጎተተ፣ ቅቤ በቅል አንጠልጥሎ፣ ለልጁ የሚሆን አቡጀዲ በብብቱ ሸጉጦ ይመለሳል። ዛሬ ሳወራው ለራሴም የተጋነነ ይመስለኛል፤ ግን በዐይኔ ያየሁት ነው። ጣሊያን ገብቶ ሊሬ ያዙ ሲል ሰው ጠገራውን ጓዳ ቆፍሮ ቀበረው። ሊሬውን የሚይዘው ፊቱን አዙሮ፣ የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደሚይዝ ሆኖ ነበር።

ባሌ ተሰማ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው አጠገብ በአንድ የመናዊ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ካኪ ኮቱ ደረት ላይ ሁልጊዜ ክር ያላቸው መርፌዎች ተሰክተዋል፤ ፀጉሩን ቅቤ ሳይሆን ነጋዴው የሚሰጠውን ሽቶ ያለው ቅባት ነው የሚቀባው። የሰው ልብስ ሲያይ ዝም ማለት አይችልም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቆመን እንኳ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ "የዚያ ሰውዬ ትከሻ ተጣሟል" ይለኛል። መኪናውን እየረገጠ በአፍንጫው የሚያዜማት ቃል የሌላት ዜማ ነበረችው፤ የመኪናው ፔዳል ከበሮዋ ነው። በዚያ ዘመን ሚስት ባሏን "አንቱ" ማለት ነበረባት፤ እሱ ግን በተጋባን በሳምንቱ፣ አንቱ ስትይኝ አባቴ የመጣ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ ብሎ አስተወኝ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ደስተኛ ነበርኩ። ይህን ቃል ስለ ራሴ የምናገረው ብዙ ጊዜ አይደለም።

በየካቲት ያ ሁሉ ሕዝብ ባለቀበት ሰሞን ወታደሮች ወደ እኛም ሰፈር መጡ። ከፊታቸው አስተርጓሚ ይመራቸዋል። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ዛሬም በሰፈሩ አሉ፣ ደህና ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። እሱ ግን ከሩቅ የመጣ ባዕድ አልነበረም፤ የእኛው ሰው ነው፣ ሠርጌ ላይ በልቷል። በየደጃፉ እየቆመ በአገጩ ያመለክታል። እጁን እንኳ ከኪሱ አላወጣም። የእኛ በር ላይ ሲደርስ አገጩን አነሳ፣ ተሰማን ወሰዱት። ለአርበኞች ካኪ ሰፍተሃል ነው የተባለው። ሰፍቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሰፍቶ ከሆነ ኮርቼበታለሁ። በዚያው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ማዶ የሚኖሩትን የአደ ጫልቱን፣ አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ አንድያ ልጅ በዳዳንም ወሰዱት። በዳዳ ከብት ጠባቂና ገበሬ ነው፤ የእሱ ጥፋት ምን እንደሆነ የነገረን የለም። ሁለቱን በአንድ ሰንሰለት አስረው ካሚዮን ላይ ጫኗቸው። ተሰማ መርፌዎቹ ደረቱ ላይ እንደተሰኩ ነው የሄደው።

በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በካሚዮን ወደ ሱማሌ በረሃ ወሰዷቸው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። በእነዚያ ክረምቶች ሰው ምን እንደሆነ አየሁ። በፊት ልብስ ለማሰፋት በራችንን የሚያንኳኩ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማሳው ይገባሉ። ፈርተው ነው፤ አውቃለሁ። ፈርተው መሆኑን ማወቄ ግን ንዴቴን አልቀነሰልኝም። የመናዊው ነጋዴ ብቻ፣ መኪናውን ጨርቅ አልብሶ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠልኝ፤ ሲቸግረኝ እየሰበሰበ የሚዘመዘም ነገር ይሰጠኛል። በዚያ ኖርኩ። አስተርጓሚው በቅሎ ገዛ። ከዚያ በቅሎውን ትቶ ከጣሊያኖቹ ጋር በመኪና መሄድ ጀመረ። ባርኔጣውን ወደ አንድ ጎን አጋድሎ በደጄ ሲያልፍ ወደ ቤቴ አያይም ነበር።

ከዚያ ምሕረት ተደረገ ተባለ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ስሰማ ጥርሴ ይፋጫል። ምሕረት የሚደረገው ለበደለ ሰው ነው። ልብስ የሰፋ ሰውና ከብት የጠበቀ ሰው የማንን ምሕረት ይቀበላል? ለማንኛውም፣ በአንድ የጥቅምት ከሰዓት በኋላ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ አየሁ። የሚለምን መስሎኝ እንጀራ ላመጣለት ዞርኩ። ስሜን ጠራኝ። ተሰማ ነበር። የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰንሰለቱ ያረፈበት ሥፍራ ፀጉር አልበቀለበትም፤ ከወገቡ በላይ የጆንያ ቁራጭ ነው የለበሰው። ትከሻ የተጣመመ ልብስ ሲያይ የሚታመመው ሰው ጆንያ ለብሶ መጣ። አቀፍኩት፤ እጆቹን አላነሳም። በዳዳስ ብዬ ጠየቅሁት። ዞሮ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

ቤት ውስጥ መተኛት አልቻለም። መጀመሪያ አልጋው ስለለሰለሰበት ነው ብዬ መሬት አነጠፍኩለት። አልሆነም። ችግሩ በሩ ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ ሲወድቅ ድምፁን ሰምቶ ሰውነቱ በሙሉ ይደርቃል። አንድ ቀን በቀትር ዝናብ ከነነፋሱ ሲገባብን ሳላስበው በሩን ዘጋሁት። ተነስቶ በትከሻው ገነጠለው። ማጠፊያው ተነቅሎ መሬት ወደቀ፤ እሱም ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ በረንዳው ጥግ፣ ጣራው ሥር ነው የሚያድረው። የመናዊው መኪናውን ይዞ መጣለት፤ ተሰማ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲያቅተው ነጋዴው መልሶ ወሰደው። በየሳምንቱ ጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት ነበረበት፤ ከዚያ ሲመለስ እስከ ማግስቱ አይበላም። ዘመዶች ይመጣሉ፤ ከበው ተቀምጠው እገሌስ እንዴት ሞተ፣ እገሌስ የት ተቀበረ ይሉታል። አጥር ዘሎ ይሸሻል። ጸበል ወሰድኩት፤ ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር ተጨናንቆ መቀመጥ አልቻለም። እኔም ተናደድኩ። ማንን እንደምናደድ ስላላወቅሁ በእሱ ተናደድኩ። ሁለት ክረምት የጠበቅሁት ሰው መጥቶ አልመጣም ነበርና።

አደ ጫልቱ የመጡት በዚያ መሀል ነው። ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ባላቸው ቀደም ብሎ የሞተባቸው ሴት ናቸው። እንደ ሌላው ሰው ወደ ተሰማ አልሄዱም፤ ስለ ልጃቸውም አልጠየቁም። በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ሰው አልፈው ወደ እኔ ወደ ጓሮ ዞሩና፣ "ልጄ፣ ሰውዬሽን ጠዋት ጠዋት ስጪኝ፤ ማታ እመልስልሻለሁ" አሉኝ። ምን ሊያደርግልዎት፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እርሻ አያውቅ፣ ከብት አያውቅ አልኳቸው። ምንም እንዲሠራ አልፈልግም፣ እዚያ ይዋል ብቻ አሉ። ተሰማ ሲጠሩት ተነስቶ ተከተላቸው። በማግስቱ ሳይጠሩት ሄደ።

ቦታው ዛሬ ፎቅ ቤት በፎቅ ቤት ላይ የተሠራበት ነው፤ ባሳያችሁም አታምኑኝም። ከመድኃኔ ዓለም ወዲያ ቁልቁል ሲወርዱ፣ የባላቸው አባቶች ሳይነኩ ያቆዩት ጫካ ነበራቸው። ዳር ዳሩን ቀጋና እንጆሪ፤ ገባ ሲሉ ወይራና ጥድ፣ ግንዳቸው ሁለት ሰው ተያይዞ የማይደርስበት፤ ከሁሉም በታች ምንጩ ያለበት ቦታ ላይ ኮሶዎች። ከላይ ጉሬዛ ይዘላል፤ የዱር እርግቡ ዋኔ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። መሬቱ በቅጠል ስለተሸፈነ የሰው ኮቴ አይሰማም፤ ለተሰማ ትልቁ ነገር ያ ይመስለኛል፣ ከኋላው የሚመጣ ቦት ጫማ አልነበረም። አደ ጫልቱ ጠዋት ወተት ይሰጡትና ላሞቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አይመክሩትም፣ አያጽናኑትም። በመጀመሪያው ሰሞን ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ሰማይ ሲያይ ይውላል። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወይራዎቹ ድረስ ይሄዳል እንጂ ወደ ምንጩ፣ ወደ ኮሶዎቹ አይወርድም። ውሃ እንኳ ሲጠማው ዞሮ ከታችኛው ወንዝ ይጠጣል።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤ ወረድኩ። ወይራ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እያንኮራፋ ተኝቷል። ቅጠል ደረቱ ላይ ወድቋል። ከመጣ ጀምሮ ሲያንኮራፋ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ በረንዳው ላይ የሚተኛው አንድ ዐይኑን ገልጦ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ እንባ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። ለእሱ ብዬ ስጠርግ፣ ስለቀልቅ ያቆየሁት ቤት ያልሰጠውን እንቅልፍ የሰው ዛፍ ሰጠው ብዬ ቅናት ያዘኝ። አደ ጫልቱ ከላሞቹ መሀል አዩኝ። መጥተው ጎኔ ተቀመጡና ምሳውን ከእጄ ተቀብለው ሣሩ ላይ አኖሩት። ሲነሳ ይበላል፣ አትቀስቅሽው አሉኝ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የምዘመዝመውን ይዤ እዚያው መዋል ጀመርኩ።

ወሬው ተሰራጨና ሌሎች ተመላሾች መምጣት ጀመሩ። ከሁሉም የማስታውሳቸው ባሻ ተክሌን ነው፤ ሸምገል ያሉ፣ አንድ ዐይናቸውን እዚያው በረሃ ትተው የመጡ ወታደር ነበሩ። ተሰማ ዝም እንዳለው ሁሉ እሳቸው ወሬ አያቆሙም ነበር። ቤታቸው ልጆቻቸው ወሬያቸው ሰልችቷቸው ነበር፤ እዚህ ግን ለጥዱ ሲያወሩ ቢውሉ የሚከፋው የለም። ቀስ በቀስ እሳቸውም ወሬያቸው እያጠረ፣ ተሰማም አንዳንድ ቃል እያወጣ መጣ። አንዳንዱ ዝናብ ያፈረሰውን የውሃ ቦይ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ ላም ያልባል፤ ያዘዛቸው የለም። ተሰማ ከእኔ መርፌ ተቀብሎ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ክር ለማስገባት ሲታገል ይውላል። የገባለት ቀን ልክ እንደ በፊቱ መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካው። አሁን ሬዲዮው ላይ ከእስር የሚወጡ ሰዎች ምን እንደሚያስፈልጋቸው የተማሩ ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። ጥሩ ነው፣ ያውሩ። ለእነዚያ ሰዎች ግን ያኔ ከመንግሥት ወገን የመጣላቸው ነገር ሰላምታ የሚሰጡበት ቀን ብቻ ነበር።

ጥምቀት አልፎ፣ ፀሐዩ በበረታበት አንድ ቀን፣ ተሰማ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ምንጩ ወረደ። አደ ጫልቱ እዚያ ላሞች ሲያጠጡ ነበር። እኔም ተከተልኩት። ኮሶዎቹ ሥር ደርሶ ቆመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ቀና ብሎ አየ።

"በዳዳን እኔ ነኝ የቀበርኩት" አላቸው።

አደ ጫልቱ ቅላቸውን መሬት አስቀመጡ። "አውቃለሁ ልጄ" አሉ። "ወደ ጫካው የመጣህ ቀን ዐይኔን ሳታይ ስትቀር አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ብጠይቅህ ትነግረኝና ከዚያ ወዲያ ከእኔ ትሸሽ ነበር። እሱን አጥቼ አንተንም ልጣ?"

ከዚያ ነገራቸው። ሰንሰለቱ እንዳልተፈታ፣ ውሃው ጨው እንደነበር፣ በዳዳ ተቅማጥ ይዞት ሲዳከም ስለዚህ ቦታ ሲያወራለት እንደከረመ ነገራቸው። ኮሶው በየት በኩል እንደሚያጋድል፣ ምንጩ ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚወጣ፣ ውሃው በጠዋት ጥርስ እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ። ተሰማ ጫካውን ሳያየው በቃሉ ያውቀው ነበር። ያልወረደውም ለዚያ ነው፤ ድነን ብንመለስ አብረን ነበር የምንወርደው አለ። በዳዳ ሲሞት ሬሳው ከእሱ ጋር እንደታሰረ እንዳደረ ነገራቸው። አደ ጫልቱ አልጮኹም። ውሃው አጠገብ ተቀምጠው በገዛ ቋንቋቸው ቀስ ብለው የልጃቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ፤ ተሰማም ጎናቸው ተቀምጦ ከመጣ ጀምሮ ያላለቀሰውን አለቀሰ። ባሻ ተክሌ ከላይ ሆነው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልቅሶ መቀመጥ ለእስረኛ ዘመድ የተከለከለ ነበር። በዳዳ የተለቀሰለት እዚያ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ተሰማ ተሻለው። ቤት ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን፣ ማደር ጀመረ። የመናዊው መኪናውን እንደገና አመጣለት፤ እሱም ጫካው ዳር፣ የመጀመሪያው ወይራ ሥር ተክሎ መስፋት ጀመረ። ሰዎች ከኮልፌ ድረስ እየወረዱ ልክ ያስለኩ ነበር። ያቺ ዜማው ግን ተመልሳ አልመጣችም። እኔ ብዙም አልጠበቅኳትም፤ የተመለሰው ይበቃኛል ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ እኔም ባለፈው ሳምንት በሰው ልቅሶ ቤት ተነስቼ አልቆምም ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ አስተርጓሚው አንድ ጣሊያን አስከትሎ መጣ። ለመንገድ ሥራ የኖራ ማቃጠያ ምድጃ ሊሠራ ነው፣ ለወታደሮቹ ካምቦም እንጨት ያስፈልጋል ተባለ። በየግንዱ ላይ በኖራ ምልክት እያደረጉ እስከ ምንጩ ወረዱ። አደ ጫልቱ መሬቱ የባሌ አባቶች ነው ሲሉ፣ አስተርጓሚው ለጣሊያኑ ምን ብሎ እንደተረጎመ አላውቅም፣ ሁለቱም ሳቁ። ይህ እንኳ አልበቃም። ቆራጮቹ እነማን ይሁኑ ሲባል፣ በየሳምንቱ ለሰላምታ የሚቀርቡት ተመላሾች ይሁኑ ተባለ። ያን የመረጠው ጣሊያኑ አይደለም። ጣሊያኑ እነዚያ ሰዎች እዚያ እንደሚውሉ፣ ዛፉ ምን እንደሆነላቸው በምን ያውቃል? የሚያውቀው የእኛው ሰው ነው። ወደ ሰዎቹ አገጩን አነሳ።

በተባለው ጠዋት ወታደሮች መጥተው መጥረቢያ አደሏቸው። ተሰማ ተቀበለና መሬት ጣለው። አንዱ ወታደር በሰደፍ ደረቱን መታው፤ ተነስቶ ቆመ፣ መጥረቢያውን ግን አላነሳም። ባሻ ተክሌም ጣሉ። ሌላውም ጣለ። ወታደሩ ጠመንጃውን አቀባበለ። የዚያን ጊዜ አደ ጫልቱ መጡ። በመሀላቸው አልፈው ጎንበስ ብለው መጥረቢያውን አነሱና በሁለት እጃቸው ለተሰማ ሰጡት።

"ቁረጥ" አሉት። "እንጨት ነው። ለእንጨት ብለህ ሁለተኛ አትሂድብኝ።"

አልችልም አላቸው። "እናትህ ነኝ፣ ቁረጥ ብዬሃለሁ" አሉት።

ቆረጠ። ሁሉም ቆረጡ። ወይራ ቶሎ አይወድቅም፤ መጥረቢያው ሲነክሰው ድንጋይ የመታ ይመስላል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ለቀናት፣ ከእስር የመጡ ሰዎች ያዳናቸውን ዛፍ በገዛ እጃቸው ጣሉት፤ አደ ጫልቱም ሸሽተው እንዳይገደሉ ብለው እዚያው ቁመው ዋሉ። ጉሬዛዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሸሹ። ሰው በበዳዩ ቢበደል ይሄ የተለመደ ነው። እናትን ግን በገዛ አፏ "ቁረጥ" ማስባል፣ ይህ ከግርፋቱም ከሰንሰለቱም የከፋ ሆኖ ነው የሚታየኝ። መንገድ ሠሩልን ለሚለኝ ሰው መልሴ ይሄ ነው። የዚያ መንገድ ኖራ በምን እንጨት እንደተቃጠለ አውቃለሁ።

ጣሊያን ወጣ። ባንዲራችን ተሰቀለ፤ እልል አልን። አደ ጫልቱ ጉቶው ማቆጥቆጥ ጀምሯል፣ እነዚህ ከእስር የመጡ ልጆቼ ይጠብቁታል ብለው ከተማ ገብተው መሬቴ ይረጋገጥልኝ አሉ። ተመላለሱ። ለካ መሬቱ ተሰጥቷል። አስተርጓሚው በውስጥ ለአርበኞች መረጃ ሲያቀብል ነበር የሚሉ ምስክሮች አቁሞ፣ ማዕረግም ይህንኑ መሬትም አግኝቷል። ከበዳዳ ጋር የታሰሩት ሰዎች ቃላችንን ስሙን ቢሉ የሚሰማቸው አላገኙም። ባሻ ተክሌ በዚያች በአንድ ዐይናቸው ሰውየው ኒሻን ሲደረግለት አዩት። ለዚያ ሹመት ልብስ ለማሰፋት ደግሞ፣ ምን ያህል ደፋር ነው ብላችሁ፣ ግሩም ሱፍ ይዞ ወደ ተሰማ በረንዳ መጣ። ጎበዝ ሰፊ አንተ ነህ ተባልኩ አለው። እኔ ከጓዳ እየሰማሁ የፈላ ውሃ ፈልጌ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን እሳቱ ጠፍቶ ነበር። ተሰማ ሱፉን በጣቱ ዳሰሰው፤ ጥሩ ጨርቅ ሲያይ እጁ አያስችለውም። ከዚያ አጥፎ መለሰለት። "ላንተ አልሰፋም" አለው። ሰውየው ወደ ፍርድ ቤት እወስድሃለሁ፣ አሳስርሃለሁ እያለ ሄደ። ሌላ ሰፊ ሰፋለት። ትከሻው ተጣሞ ነበር አለ ተሰማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

አደ ጫልቱ መሬታቸውን ሲለቁ ወደ እኛ ቤት መጡ። ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም፤ ቢኖራቸውም አንለቃቸውም ነበር። ልጆቼን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። በአንድ የግንቦት ቀን፣ ከታመሙ ከርመው፣ ወደ ውጭ አውጡኝ አሉ። አልጋቸውን ተሸክመን አወጣን። ወደ ጫካዬ ውሰዱኝ አሉ። ተሰማና ባሻ ተክሌ ተያዩ። በጓሮ በኩል አልፈው ቁልቁል ተሸክመዋቸው ወረዱ፤ እኔ ከኋላ። አዲሱ ባለቤት ጉቶዎቹን ሳይቀር አስነቅሎ ገብስ ዘርቶበታል። ኮሶዎቹ የሉም፤ ምንጩ ጭቃ ሆኗል። ፀሐይ በላያቸው ወጣች፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ጥላ ቦታ አድርጉኝ አሉ። ዙሪያውን አየን። ከዚህ ገደል እስከዚያ ገደል ድረስ አንዲት ጥላ አልነበረችም። ተሰማ ጋቢውን አወለቀ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ባሻ ተክሌ ያዙና ከራሳቸው በላይ ወጥረው በላያቸው ቆሙ። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ እጃቸው እየዛለ፣ ማንም ሳይቀይራቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቆሙ። አደ ጫልቱ ጥላው ውስጥ ሆነው ሞቱ። ካረፉ በኋላም ጋቢውን አላወረዱም፤ እኔ ነኝ በቃ ያልኳቸው። ተሰማ ክንዱ ደርቆበት ማጠፍ አቅቶት ነበር። እኔ የዚያን ቀን አላለቀስኩም። ገብሱን በሁለት እጄ እየነቀልኩ ወደ ላይ ወጣሁ፣ እስከ መንገዱ ድረስ ነቀልኩት።